የምታፈስ ሚኒባስ ይዘን እስከ ደብረ ታቦር

አዳማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጉዞው ከተመለስን ወዲህ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ፣ ገና ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ፣ «ባለቤትህ እስከ ደብረ ታቦር ራሷ ነድታ ሄደች የሚባለው እውነት ነው?» ይለኛል። እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉንም ቆሜ ላውራ ብል ስፌቱ ይቆማል፤ ባጭሩ ልናገር ብል ደግሞ ልቤ አይሞላም። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ያንን አገር መቼም የሚያዩት አይመስላቸውም። ስለዚህ ከቤታችን ደጅ ጀምሮ የሆነውን በየቀኑ እየለየሁ ጽፌዋለሁ።

ባለቤቴ ሰናይት ሹፌር ናት። ተማሪዎችን ጠዋት ከየቤታቸው ሰብስባ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳለች። ሚኒባሷ ከትዳራችን ዕድሜ ትበልጣለች። ሰናይት መኪናዋን ጋራዥ ወስዳ ትታ የምትመጣ ሴት አይደለችም፤ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ እስኪዘጋ ከጎኑ ቆማ ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ራሷ ትሠራዋለች። እኔ ግን ስለ መኪና የማውቀው በሩ ሲዘጋ ቀስ መባል እንዳለበት ብቻ ነው።

የጉዞው ምክንያት እናቴ ናት። እናቴ ያልጋነሽ ከእብናት ከተማ ወጣ ብላ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከሞላ ጋር ትኖራለች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየባሰባት፣ በመጨረሻ ብርሃንና ጨለማን ብቻ ትለይ ነበር። ሐምሌ ላይ ሞላ ደወለ። የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት ደብረ ታቦር እንደሚመጡና እናታችን ለዓርብ ጠዋት ቀጠሮ እንደተያዘላት ነገረኝ። ያ ቀን ካለፈ ሌላው መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። በሕዝብ መኪና ተጋፍታ መሄድ ደግሞ አትችልም፤ እግሯ ያብጣል።

ለሰናይት ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ትምህርት ቤት ተዘግቷል። መኪናዋ ቆማለች፣ እኔም ቆሜያለሁ። እንሂድና እንውሰዳቸው» አለች።

መንገዱ ሰላም የነበረበት ክረምት ነበር። ሰኞ ማለዳ ወጣን።

ሰኞ፣ ከአዳማ ደብረ ማርቆስ

አዳማ ስንነሳ ደመና ብቻ ነበር። ሱሉልታ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ጥግ እየሾለከ ጉልበቴን ያዘኝ። እኛ አገር ሐምሌም ቢሆን ሰው ሹራቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው፤ እዚያ ግን ጋቢ ያልደረበ ሰው አላየሁም። ጎሐ ጽዮን ሽሮ በልተን የአባይን በረሃ ቁልቁል ጀመርን።

ግማሽ ላይ ስንደርስ ዝናቡ መጣ። አዳማ ዝናብ ሲመጣ ንፋስና አቧራ አስቀድሞ ይልካል፤ ይሄኛው ሳያስጠነቅቅ ነው የወረደው። ሰናይት የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳች። ትንሽ ሠራና መስታወቱ መሐል ላይ ቀጥ አለ። መስታወቱ እንደ ወተት ነጣ። ሰናይት ሳትደናገጥ ፍሬቻ አሳይታ፣ መንገዱ ሰፋ ያለበትን ቦታ በጎን መስኮት አንገቷን አውጥታ ፈልጋ አቆመች።

«ባትሪው ይሆናል» አልኩ።

«ባትሪው ቢሆን መብራቱም ይደክም ነበር» አለች። «አንተ ዝንጀሮዎቹን ተመልከት።»

እውነትም ዝንጀሮዎች ከአለቱ ሥር ተጠግተው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁ ነበር፤ እኛም እንደነሱ ጠበቅን። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ አንድ መካኒክ ፊውዝ ተቃጥሎ አገኘና ቀየረው፤ መጥረጊያው ሠራ። ማታ ሦስት ብርድ ልብስ ባለበት አልጋ ተኛን። አዳማ ሦስት ብርድ ልብስ ያለው ቤት ካለ እንግዳ ሊመጣበት ነው ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ይፋግ

እስከ ባሕር ዳር ፀሐይ ነበር፤ መኪናዋም እንደ አዲስ ሄደች። ዓሣ በላን። ወረታን አልፈን የፎገራ ሜዳ ላይ ስንወጣ አገሩ በሙሉ ውሃ ሆነ። ሩዝ የተዘራበት እርሻ ሰማዩን እንደ መስታወት ያሳያል። የአዳማ ሜዳ በዚህ ወር አረንጓዴ ይሆናል እንጂ እንዲህ አይዋኝም። ዝናቡም ጀመረ፤ ቢሆንም ሜዳ ላይ ምንም አልሆንንም። ሰናይት ይፋግ ገብታ ለማደር ፍሬን ስትይዝ ግን ክላክሱ ማንም ሳይነካው መጮህ ጀመረ። አላቆመም።

የቆምነው አንድ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ሰው ወጣ፣ በቅሎ ደነበረች፣ አንድ ሽማግሌ የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። ሰናይት ወርዳ ኮፈኑን ከፍታ የክላክሱን ሽቦ ነቀለችው። ከተማው ፀጥ አለ። የዳቦ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ዘይነባ ዱቄት በነካው እጃቸው ጃንጥላ ይዘው ወጡና ከሰናይት ራስ በላይ ዘረጉት።

«እንዲህ ያለ ክላክስ ለሠርግ ነው የሚሆን» አሉ። «ግቢ ልጄ፣ በስብሰሻል። ሌላውን እሱ ይጠብቅ።»

እሱ ማለት እኔ ነኝ። ጠበቅሁ። ኋላ ግን ለሁለታችንም ክፍል ሰጡን። ከእግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ውሃ ጠጥቶ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ነበር፤ ወይዘሮ ዘይነባ እሱን አይተው፣ «ይሄንማ የእኔ ምድጃ ያደርቀዋል» ብለው የዳቦ ምድጃው ጀርባ ካለው ሞቃት ግድግዳ ላይ አንጠለጠሉት። የዚያን ቀን ይፋግ ውስጥ የዳቦው ሽታ በመኪና ምንጣፍ ሽታ ቢቀየር ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሰናይት ጣቷን ወለሉ ላይ ከቀረው ውሃ ነክራ አሸተተች፣ በሁለት ጣቷ አሻሸች።

«የራዲያተር ውሃ ቢሆን ያሙለጨልጭ ነበር፤ ሽታም አለው። ይሄ ዝናብ ነው። ፊውዙን የሚያቃጥለው፣ ክላክሱንም የሚያስጮኸው እሱ ነው። የኤሌክትሪኩ በሽታ ውሃው ነው። የሚገባበትን ካገኘሁ ሁሉም ይድናል» አለች።

ትኩስ ዳቦ በሻይ አቀረቡልን። እዚያ ቤት ሰው ጠግቤያለሁ ሲል አይታመንም። ጠዋት ሒሳብ ብንል ወይዘሮ ዘይነባ አኮረፉ፤ ይልቁንም የቀረውን ዳቦ በፌስታል አድርገው፣ «ለእናታችሁ። ስትመለሱ ዓይናቸውን ሳያሳዩኝ እንዳያልፉ» አሉ።

ረቡዕ፣ የእብናት መንገድ

ሰናይት ሌሊቱን ስታስበው አድራ፣ ውሃው የሚገባው በፊት መስታወቱ ዙሪያ ባለው ያረጀ ጎማ ነው ብላ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ሳለ ጎማውን ጠርጋ፣ ከአንድ ሱቅ ሲሊኮን ገዝታ በጣቷ እያሸች ዙሪያውን ደፈነችው። እኔ ጠርዙን እያየሁ እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ስፌት ከእኔ መኪና አይወጣም አልኳት። ሳቀች። አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ወደ እብናት ታጠፍን።

ዳገቱን ስንወጣ ዝናብ መጣ። መጥረጊያው ይሠራል። እግሬ ደረቅ ነው። ሰናይት አየት አደረገችኝ፤ «ደረቅ ነው» አልኳት፤ በኩራት መሪውን መታ መታ አደረገች። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ከተራራው ግርጌ ሳንደርስ ከፊታችን ካለው ሰሌዳ፣ ከክሩስኮቱ ሥር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጫማዬ ላይ ጠብ አለ። መብራቶቹ በሙሉ ብልጭ ብለው ጠፉ፣ መጥረጊያው ቆመ፣ ቀጥሎም ሞተሩ ራሱ ጠፋ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ በዝናቡ ውስጥ ትወርድ ጀመር። ሰናይት በእጅ ፍሬንና በእግር ፍሬን እያስታገሰች የመንገዱ ዳር ጭቃ ላይ አስቆመቻት።

ከእርሻቸው ሲመለሱ የነበሩ ገበሬዎች ሞፈርና ቀንበራቸውን አስቀምጠው መጡ። አንደኛው እኔን አይተው፣ «በል አንተ ግባና መሪውን ያዝ፤ እኛ እንግፋ» አሉ።

«ሹፌሯ እሷ ናት» አልኳቸው።

ሰውዬው ሰናይትን አዩ፣ መልሰው እኔን አዩ። «እንኪያስ አንተም ና ግፋ» አሉ። ከእነሱ ጋር ጭቃ ውስጥ ተሰልፌ ገፋሁ። በሕይወቴ በዚያ ትእዛዝ የኮራሁትን ያህል በሌላ አልኮራሁም። ለጥ ያለ ቦታ ስንደርስ ሰናይት ከክሩስኮቱ ሥር ገብታ የፊውዞቹን ሳጥን በነጠላዋ አደረቀች። ሞተሪኖው አንዴ፣ ሁለቴ አቃሰተና ሞተሩ ተነሳ። ገበሬዎቹ «ይቅናችሁ» ብለው ወደ ሞፈራቸው ተመለሱ፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ቤት ስንደርስ ጀንበሯ አዘቅዝቃ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የሞተሩን ድምፅ ታዳምጣለች። ሰናይትን አቅፋ ጀርባዋን ዳበሰች። «ይቺን ታህል ሰውነት ይዘሽ ነው ያን ሁሉ አገር የመጣሽው?» አለቻት።

ሞላ ግን የምንጣፉን ውሃ አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ሞላ ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቴን በዚህ ሁሉ ዘመን የጠበቃት እሱ ነው። ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ወንድሜ፣ ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው። በዚህች መኪና መንገድ ላይ ብንቀር እናታችን እንደታወረች መቅረቷ ነው። እብናት የማውቀው የጭነት መኪና ሹፌር አለ፤ ነገ አነጋግረዋለሁ።»

 ራት ላይ ሽሮውን እየበላን ሞላ ያንኑ ለሰናይት በትሕትና ነገራት። ሰናይት አልተቆጣችም። «ትክክል ነዎት ጋሼ ሞላ። ብቻ ነገን ይስጡኝ» አለች።

እናቴ ጉርሻዋን ውጣ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል» አለች። «ስጣት እንጂ ልጄ።»

ሐሙስ፣ ውሃው የተገኘበት ቀን

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ቡናም ቁርስም ሳይቀርብ ሰናይት መኪናዋ ሥር ነበረች። መኪናዋ የቆመችው አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ ነው። ሰናይት የፊውዙን ሳጥን ከፍታ አሳየችኝ፤ የፊውዞቹ እግሮች አረንጓዴ ዝገት አብቅለው ነበር። ከጎን ያለው፣ ማሳ የሚሉት የኤሌክትሪክ መመለሻ ሽቦ የታሰረበት ቡሎንም እንደዚያው ዝጓል። ሁሉንም አንድ በአንድ ነቅላ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጋ፣ የተላጠውን ሽቦ በናስትሮ ጠቅልላ መለሰች። ያ ሥራ ለብቻው ከረፋድ አለፈ።

«አሁን በሽታውን አከምኩት። ውሃውን ካላገኘሁ ግን ነገ ይመለሳል» አለች።

ሞላ እብናት ሊሄድ በትሩን ይዞ ወጥቶ ነበር፤ እሷን ሲያይ ቆመ። ሰናይት ጄሪካን ሙሉ ውሃ የፊት መስታወቱ ላይ እንዲያፈስላት ለመነችው። ሞላ በትሩን አስቀምጦ አፈሰሰ። ከውስጥ እኔ በእጄ እየዳበስኩ ጠበቅሁ። ደረቅ ነው። ሲሊኮኗ ውሃ አያስገባም። ሌላ ጄሪካን በበሮቹ ላይ አፈሰሰ፤ አሁንም ደረቅ። ሰናይት ወገቧን ይዛ ቆመች። ከመጣን ጀምሮ ተስፋ ስትቆርጥ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

እናቴ በግድግዳው እየተደገፈች መጣች። «እኔስ የምሄድባትን መኪና አላይም ወይ?» አለች። ማየት የምትለው መዳበስ ነው። ሰናይት እጇን ይዛ አስገባቻትና ከሹፌሩ ወንበር ኋላ አስቀመጠቻት። እናቴ ወንበሩን፣ መስኮቱን፣ ከራሷ በላይ ያለውን ኮርኒስ ዳበሰች።

«ጣራው ላይስ?» አለ ሞላ። ጣራው ላይ ፖርቶ መጋላ አለ፤ ሰናይት ዓምና ለተማሪዎቹ ቦርሳ ብላ ያስገጠመችው የብረት ዕቃ መጫኛ። «አፍስሱበት» አለች፣ ብዙም ሳታስብ።

ሞላ ድንጋይ ላይ ቆሞ ቀስ አድርጎ አፈሰሰ። እኔ ከፊት ወለሉን አያለሁ፤ ምንም የለም። ሰናይትም ምንም አላየችም።

«ቆዩ እስቲ፣ ዝም በሉ» አለች እናቴ።

ዝም አልን።

«ከራሴ በላይ እየሄደ ነው። ኧረ ይሰማኛል። እዚህ ጋ ነበር፣ አሁን ወደ ፊት ሄደ… አሁን እዚህ ግንድ ውስጥ ወረደ።» ግንድ ያለችው ጣራውን የተሸከመውን፣ ከመስታወቱ ጎን ያለውን የፊት ምሰሶ ነው። «የሣር ቤት ሳለን እንዲህ ነበር። ከወዲያ ገብቶ በማገሩ ይሄድና ከወዲህ ያንጠባጥብ ነበር።»

ሰናይት ካቻቢቴዋን አንስታ የምሰሶውን የፕላስቲክ ልባስ ፈታችው። ሽፋኑ ሲላቀቅ የተጠራቀመው ውሃ ክንዷ ላይ ፈሰሰ፤ ከዚያ ወርዶ በቀጥታ ወደ ፊውዙ ሳጥን ሄደ። ሁላችንም አየነው።

ሰናይት እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠችና ነገሩን ለራሷም ለእኛም ዘረዘረችው። ፖርቶ መጋላውን ለመግጠም ጣራው ተበስቷል። ውሃው በቡሎኖቹ ቀዳዳ ይገባል። ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ማንንም አይነካም። ቁልቁለት ላይ ወይም ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይሮጥና በምሰሶው ወርዶ ፊውዙ ላይ ይፈሳል። አባይ ላይ የሆነው፣ ይፋግ የሆነው፣ ትናንት የሆነው ሁሉ ይኸው ነው። አዳማ ያላወቅነው ደግሞ አገሩ ሜዳ ስለሆነ፣ ክረምትም ትምህርት ስለሌለ መኪናዋ በላስቲክ ተሸፍና ስለምትከርም ነው።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አለች እናቴ፤ ደስ እንዳላት ፊቷ ይናገር ነበር።

መድፈኛው ሲሊኮን ይፋግ አልቋል። ሰናይት ከትርፍ ጎማው ጋር የያዘችውን አሮጌ ከመነዳሪ፣ ንፋስ የሚሞላውን የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ አውጥታ በእኔ መቀስ ክብ ክብ አድርገን ቆረጥነው፤ እዚህ ላይ እንኳ የልብስ ሰፊ እጅ ጠቅሟል። የጎማ ቁርጥራጩ በየቡሎኑ ሥር ይገባል። ግን ዙሪያውን የሚይዝ ነገር ያስፈልግ ነበር።

ሞላ ወደ ቤት ገባ። ሲመለስ በእጁ የያዘው ትልቅ ቢጫ የሰም ድቡልቡል ነበር። ቀፎ አለው፤ ሰሙን በየዓመቱ ጧፍ እንዲሆን ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል።

«ይሄ ውሃ አያስገባም» አለ። «ለቤተ ክርስቲያን ያሰብኩት ነው፤ ለእናቴ ዓይን ቢሆን እግዚአብሔር አይቀየመኝም። መስከረም ላይ ሌላ እቆርጣለሁ።»

ሰሙን በጣሳ አቅልጠን ሰናይት በየቀዳዳው አፈሰሰች፣ ጎማውን አስገባች፣ ቡሎኑን በቁልፍ አጠበቀች፣ ከላይ እንደገና ሰም ቀባች። ሞላ ጣሳውን ያዘላት። ሁለቱ እዚያ ጣራ ላይ አጎንብሰው ሲያወሩ እታች ሆኜ አየኋቸው፤ ትናንት የጭነት መኪና ሊፈልግ የነበረው ወንድሜ፣ «እዚህ ጋ አልበቃም፣ ጨምሪ» ይላል።

ሰሙ ሲረጋ እናቴ እንደገና ገባች። ይህን የመፈተን ሥራ ለማንም አልሰጠችም። ሞላ አንድ ጄሪካን አፈሰሰ። ሁለተኛ አፈሰሰ። እናቴ ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ሰናይት ከውጭ ቆማ እጆቿን በሽርጥ ትጠርጋለች፤ ጠርጋ ከጨረሰችም በኋላ ትጠርጋለች።

«ዝም ብሏል» አለች እናቴ።

ማታ ዶሮ ቀረበ። ሞላ ጉሮሮውን ጠራርጎ የጭነት መኪናው ሹፌር አሁንም ሊገኝ እንደሚችል፣ ሁለት ምርጫ መያዝ ክፋት እንደሌለው ተናገረ። እናቴ መልስ አልቆጠበችም።

«አብሬ ያበጀኋትን መኪና ትቼ በማን መኪና ልሄድ ነው?»

ዓርብ፣ አለም ሳጋ

አቋራጩ መንገድ ጭቃ ስለሆነ በአዲስ ዘመን ዞረን፣ ወረታ ላይ ታጥፈን ወደ ደብረ ታቦር መውጣት ነበረብን። ማልደን ነበር የተነሳነው። ሞላም አብሮን ተሳፈረ። ረቡዕ ሞተሩ የጠፋበትን ቁልቁለት አሁን ዳገት አድርገን አለፍነው፤ ቀጥሎ ግን ወደ አዲስ ዘመን የሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ነበር። ልክ አናቱ ላይ ዝናቡ መጣ፣ አንድም የጎደለው ነገር ሳይኖር፣ ከነነጎድጓዱ።  እኔ ጫማዬን አወለቅሁና በእግሬ ጣት ወለሉን እየዳበስኩ ወረድኩ። መጥረጊያው ወዲያ ወዲህ ይላል። መብራቱ በርቷል። ከግርጌው ስንደርስ፣ «ደረቅ ነው» አልኩ፤ ሞላ ያስገባውን ትንፋሽ ያኔ አወጣ።

የአለም ሳጋ ጫካ ውስጥ ጉም ነበር። ዛፎቹ ከጉሙ እየወጡ ይገባሉ። አዳማ ጉም የሚባለውን የምናውቀው የሻይ ብርጭቆ ላይ ነው። አንድ መታጠፊያ ላይ አንድ ሚኒባስ ተበላሽቶ ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ በላስቲክ ተከናንበዋል። ከመካከላቸው ዓይናቸውን በነጠላ የሸፈኑ አንድ አዛውንትና ልጃቸው ነበሩ፤ የሚሄዱት እኛ ወደምንሄድበት ነው። ሰናይት ሳትጠይቀን አቆመች።

አዛውንቱ ገብተው እናቴ አጠገብ ተቀመጡ። «ሹፌሩን እግዚአብሔር ይስጠው» አሉ።

«ሹፌሯ ምራቴ ናት» አለች እናቴ።

«እንግዲያው ይስጣት። መኪናይቱስ ደኅና ናት?»

«በእኔ ይሁንብህ» አለች እናቴ፣ እንደ ባለ ጋራዥ። «ጣራዋን በሰም ደፍነነዋል።»

ደብረ ታቦር ቀጠሮው ሳያልፍ ገባን። ባጃጆቹ እንደ አዳማ ባጃጆች ይጋፋሉ፤ ልዩነቱ ሹፌሮቹ ጋቢ ለብሰዋል። የዓይን ሕሙማኑ ግቢውን ሞልተውታል። የእናቴ ስም ሲጠራ ሰናይት እስከ በሩ ይዛት ሄደች። እኔና ሞላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ሞላ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ሚስትህ ጠንካራ ሰው ናት» አለኝ። በእኛ ቤት ይህ ረጅም ንግግር ነው። እናቴ አንድ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ታሽጎ ወጣች። ሌላው በሌላ ጊዜ እንደሚሠራ ነገሩን። ከተማው ውስጥ ከተከራየነው ክፍል ወስደን ድንች በሚጥሚጣና በተልባ አበላናት፤ የዚያ አገር ድንች ለብቻው ምግብ ነው።

ቅዳሜ፣ ፋሻው የተፈታበት ጠዋት

ጠዋት ነርሷ ሕሙማኑን በረድፍ አስቀምጣ ፋሻቸውን ትፈታ ጀመር። ከእያንዳንዱ ወንበር አጠገብ ዘመድ ቆሟል። የትናንቱ አዛውንት ሲፈታላቸው ልጃቸውን ጭንቅላቱን ይዘው ሳሙት። ቀጥሎ የእናቴ ተራ ሆነ።

ዓይኗን ገለጥ፣ ጨፈን፣ ገለጥ አደረገች። ነርሷ ጣቶቿን አንስታ ስንት እንደሆኑ ጠየቀቻት፤ እናቴ በትክክል መለሰች፣ ግን ልቧ ከጣቶቹ አልነበረም። ከነርሷ ትከሻ በላይ ያያል ዓይኗ። ሞላን አየችው። «ሸብተሃል» አለችው። እኔን አየችኝ፤ «አንተ ደግሞ ወፍረሃል።» ከዚያ ሰናይት ላይ ደረሰች። ሰናይትን በዓይኗ አይታት አታውቅም፤ ሠርጋችን ከሞራው በኋላ ነው።

ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አየቻት።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ እርጥብ አድርጋ የሰናይትን ጉንጭ ጠረገች። «ግራሶ ነክቶሻል» አለች። ሰናይት መሣቅም ማልቀስም አቃታት፤ ሁለቱንም አደረገችው። ነርሷ እናቴን ዓይንዎን አይንኩ፣ ጎንበስ አይበሉ እያለች ትመክራለች፤ እናቴ እሺ እሺ ትላለች፤ ከሰናይት ግን ዓይኗን አላነሳችም።

ከተማውን በደንብ ማየት ነበረብኝ። ስለ ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ ስለ ጉና ተራራ፣ ስለ ገበያው ደንበኞቼ ይጠይቁኛል። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ያየሁት እናቴ የምታየውን ነው። አንዲት ሴት ቀይ ባልዲ ይዛ ስታልፍ ቆማ አየቻት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አየች፤ አታነብም፣ ግን ፊደሉን አየች። እህል ገበያው ላይ ጤፉን በእጇ አንስታ፣ ነጭና ሰርገኛውን ለይታ፣ ለነጋዴው እንደተቀላቀለበት ነገረችው። ነጋዴው አልተከራከራትም።

መልስ

ሐኪሙ መንገድ እስኪፈቅድላት ጠብቀን ተመለስን። ይፋግ ጎራ ማለት ነበረብን፤ ቃል ነበረና። ወይዘሮ ዘይነባ እናቴን በሁለት እጃቸው ትከሻዋን ይዘው ዓይኗን ወደ ብርሃኑ አዙረው መረመሩት፤ አመሰገኑ፤ አንድ ፌስታል ዳቦ እንደገና ጫኑልን። ሞላ ለማያውቃቸው ሰዎች ሳይቀር ጣራው እንዴት እንደተደፈነ ያስረዳ ነበር፤ በሱ አነጋገር ሰሙ ከቡሎኑም ከጎማውም የበለጠ ሥራ የሠራ ይመስላል። ሰናይት አላረመችውም።

ሁሉም ነገር ዳነ አልልም። ፍሬን ሲያዝ የውስጥ መብራቷ አሁንም ትበራለች፤ ሰናይት ምክንያቱን አዳማ እፈልገዋለሁ ብላ እስከ ዛሬ ትፈልጋለች። ጣራው ግን በዚያ ሁሉ ዝናብ ጠብ አላለም።

ከአዲስ ዘመን ስንነሳ እናቴ ከፊት፣ ጋቢና ካልሆነ አልቀመጥም አለች። እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከሰናይት አጠገብ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አገጯ ድረስ አጣፍታ፣ ዳገቱን፣ ከብቶቹን፣ ከእርሻ የሚመለሱትን ሰዎች በሥርዓት ታያለች፤ ሰው ሲያጋጥመን ለእያንዳንዱ በእጇ ሰላምታ ትሰጣለች። ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ላይ ውሃ ተኝቶ ነበር።

«ሰናይት ልጄ፣ ከፊትሽ ጉድጓድ አለ» አለች።

«አይቻለሁ እማማ።»

«እኔም አይቻለሁ» አለች እናቴ።